«ዓይናችሁን ጨፍኑና ሱቃችሁን እዩ»፦ የእቁብ ገንዘቤን የበላው የሦስት ቀን ሥልጠና

ጎንደር ያላችሁ ወገኖቼ፣ «ድብቁን አእምሮ አዝዘው ግብዎን ያሳኩ» የሚለውን ማስታወቂያ ከፒያሳ እስከ ማራኪ ተለጥፎ ሳታዩት አልቀራችሁም። ገንዘብ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ሰባት ሺህ ብር ከፍዬበታለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ብሩ ከእቁብ የወጣልኝ ሲሆን ትንሽ ጨምሬበት ያገለገለ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን) ልገዛበት ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት በነጻ ነው። የሆቴሉ አዳራሽ መብራት ጠፋ፤ አሠልጣኙም ዝግ ባለ ድምፅ «የሱቃችሁን ቁልፍ በቀኝ እጃችሁ ያዙ፤ ቅዝቃዜው ይሰማችሁ» አለን። እውነቱን ለመናገር ተሰማኝ። የማሽኑ ድምፅ፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን፣ ሁሉም ታየኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ ታይታቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። መብራቱ ሲበራ የምዝገባው ቅጽ እጃችን ላይ ነበር። ዛሬ ሰባት ሺህ፣ ነገ አሥር ሺህ። እንባው ሳይደርቅ ፈረምን።

«የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚለውን በደቃቁ የተጻፈ መስመር ያየሁት ቤት ገብቼ ነው። ደረሰኝ ያሉትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው።

ቀሪው ጊዜ ከመጽሔት ሥዕል እየቆረጡ ደብተር ላይ መለጠፍ፣ ጠዋትና ማታ «ባለ ሱቅ ነኝ» ማለት ሆነ። ለብቻው 1,200 ብር የሚከፈልበት ፍላሽም አለ፤ የዝናብ ድምፅ ይሰማበታል፤ ከሥሩ ጆሮ የማይሰማው፣ ድብቁ አእምሮ ግን የሚሰማው ንግግር አለ ተባልን። ሁለት ወር አዳመጥኩ። ማሽኑም አልተገዛ፣ የደንበኞቼም ሥራ ተጓተተ። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ተጠራጥረሻል፤ ጥርጣሬ ትእዛዙን ይሰርዘዋል። ሁለተኛው ደረጃ ያስፈልግሻል» የሚል ነው። ዋጋው 15,000 ብር!

ያንገበገበኝ ይህ ነው። ጨርቅ የሸጠልኝ ነጋዴ ቀለሙ ሲለቅ «አጠባሽ ነው» ቢለኝ ጨርቁን ይዤ እሟገተዋለሁ። እዚህ ግን የምይዘው ነገር የለም፤ ዕቃው ባልሠራ ቁጥር ጥፋተኛው ገዢው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እንዲህ ያሉ የማይሰሙ የድምፅ ቅጂዎችን የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ ፈትነዋቸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትመዋል። ከፊሎቹን ካሴቶች ስማቸውን ቀያይረው ነበር የሰጡት፤ የማስታወስ ችሎታ ያሳድጋል የተባለው ለራስ የሚሰጥ ግምትን የሚያሳድገው ሆኖ፣ ያኛውም እንዲሁ። ሰዎቹ ተሻሻልን ያሉት ካሴቱ ላይ በተጻፈው ስም ነበር። ሲለኩ ግን ካሴቱ ያመጣው መሻሻል አልተገኘም። እኔም ፍላሹን በሰማሁ ማግስት ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ያቀለለኝ ስለ ፍላሹ የተነገረኝ ነገር እንጂ ድምፁ እንዳልሆነ አሁን ገባኝ።

ለተፈታኝ እናቶች ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። ሊየን ፋም እና ሼሊ ቴይለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በሎስ አንጀለስ ተማሪዎችን ከፈተና በፊት በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩ አደረጉ። ከፊሎቹ ጥሩ ውጤት ማምጣታቸውን፣ ሌሎቹ ደግሞ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚያጠኑ ነበር የሚያዩት። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ አጠናናቸውን ያዩት የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ውጤቱን ብቻ ያዩት ያጠኑት ሰዓት እንኳን ያነሰ ነበር። እኔም አዳራሹ ውስጥ ሱቁን «ከፍቼ» ስለወጣሁ፣ በማግስቱ ኪራይ የመጠየቅ ጉጉቱ አልነበረኝም።

በሐሳብ ማየት ከንቱ ነው አልልም። የበአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ተማሪ ቀን የተቀበለውን ማታ በልቡ ሲከልስ እያየ ነው፤ ግን የሚያየው ዜማውንና እርምጃውን እንጂ መሪጌታ ተብሎ መጠራቱን አይደለም። ለዚህ ደግሞ ሰባት ሺህ ብር አያስፈልገውም።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ስለዚህ የንግድ ፈቃዱን እዩ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ጠይቁ፣ በዚያው ምሽት አትፈርሙ። የከፈላችሁ ካላችሁ ቅጹንና ብጣሹን ወረቀት አትጣሉ፤ እኔ የኔን ይዤ ለከተማው ንግድ መምሪያ ልከስ ነው፣ አብረን ብንሆን ደግሞ ይሻላል።

ትናንት እኚያ እናት ደውለውልኝ ነበር። ለሁለተኛው ደረጃ የአንገት ሐብላቸውን ሊሸጡ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአዳራሹ በር ቀድሜ እጠብቃቸዋለሁ። እናንተም እንዲህ የተዘጋጀ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉለት።