አንድ አትግዙ፣ ሦስት ግዙ፦ የአርቲኤል-ኤስዲአር ዶንግል ግምገማ

አውራ ጣት የሚያክለው ይህ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የሬዲዮ መቀበያ) ሲሠራ ቴሌቪዥን በኮምፒውተር ለማየት ነበር። አሁን የሚፈለገው ግን ለኮግኒቲቭ ሬዲዮ ሙከራ ነው፦ ባለቤቱ ያልተጠቀመበትን ፍሪኩዌንሲ ለይቶ ለሌላ ሥራ ማዋል። ከወዲሁ ይታወቅ፤ ዶንግሉ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ማሰራጨት ሌላ መሣሪያና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል።

ከ24 እስከ 1766 ሜጋኸርዝ ይሰማል። የቴሌቪዥኑ ዩኤችኤፍ ባንድ እዚህ ውስጥ አለ፤ ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ የለም። የሚያስቸግረው ጥበቱ ነው። ናሙና (የሲግናሉን ቅጽበታዊ ልኬት) ሳይጥል የሚሄደው በሰከንድ እስከ 2.4 ሚሊዮን ስለሆነ በአንዴ የሚያየው 2.4 ሜጋኸርዝ ያህል ነው፤ አንድ የቴሌቪዥን ቻናል ግን 8 ሜጋኸርዝ ይሰፋል። የሚያየው ዳርና ዳሩ ላይ ስለሚደክም መሃሉን 2 ሜጋኸርዝ ብቻ እየወሰዱ በአራት ዙር መጥረግ ነው፤ ከ470 እስከ 478 ላለው ቻናል 471፣ 473፣ 475 እና 477 ላይ።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ዋናው ጠላት ኤፍኤም ነው። ጌኑ (ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን) መጨረሻው 49.6 ዴሲቤል ላይ ከተተወ፣ እንደ 97.1 እና 102.1 ያሉት ጣቢያዎች መቃኛውን አጨናንቀው ባዶ ቻናል ላይ የሌለ ሲግናል ያሳያሉ። ወደ 29.7 ማውረድ፣ ካልበቃም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚያግድ ፊልተር በአንቴናውና በዶንግሉ መሃል ማስገባት። አውቶማቲክ ጌን ፈጽሞ አይከፈት፤ የኖይዙ ወለል (ሲግናል በሌለበት የሚሰማው ጫጫታ) ከፍ ዝቅ ሲል፣ ከዚህ በላይ ከሆነ «ሲግናል አለ» የሚያሰኘው የተሰላ ወሰን ዋጋ ያጣል። ወሰኑም የሚለካው ዶንግሉ ከሞቀ በኋላ፣ አንቴናው ተነቅሎ በቦታው 50 ኦም መጨረሻ (ሲግናል የማያስገባ መዝጊያ) ሲታሰርበት ነው።

ሦስት ግዙ ያልነው ግን በጥላው፣ ማለትም ሕንፃ ሲግናሉን በመጋረዱ ምክንያት ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባሉት ፎቆች ሥር የተቀመጠ ዶንግል ማሰራጫውን ላይሰማና ቻናሉን «ነፃ» ሊለው ይችላል። አንድ በዚያ፣ አንድ ፒያሳ፣ አንድ አምስት ኪሎ አድርጎ ቻናሉ ተይዟል ወይስ ነፃ ነው በሚለው ላይ እንደ ምርጫ ድምፅ ማሰጠት ይሻላል። እያንዳንዱ 0.9 የማግኘት፣ 0.1 በሐሰት የመጮህ ዕድል ቢኖረው «አንዱም ከሰማ ተይዟል» የሚለው ሕግ ማግኘቱን 0.999 ሲያደርስ የሐሰት ጩኸቱን ወደ 0.271 ያንረዋል። ከሦስት ሁለት ሲባል 0.972 እና 0.028 ይሆናል። የቴሌቪዥኑን ተመልካች መጠበቅ ከቀደመ የመጀመሪያው፣ ባዶ ቻናል እንዳይባክን ከሆነ ሁለተኛው። ሦስቱንም አንድ ሕንፃ ላይ መደርደር ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጥላው አንድ ስለሆነ ስህተታቸውም አንድ ይሆናል፣ ስሌቱም አይሠራም።

ጥሬው ናሙና በሰከንድ 4.8 ሜጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ ወደ ማዕከል መላክ አይታሰብ፤ እዚያው ተወስኖ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ይላክ።

ሁለት ትንንሽ ወጥመዶች አሉ። ወደየቦታቸው ከመሄዳቸው በፊት ሦስቱን አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ መለያ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ያው 00000001 ስለሚሆን አይለዩም፤ ቁጥሩን አስቀድሞ አርቲኤል-ኢኢፕሮም (rtl_eeprom) በሚባለው ፕሮግራም መቀየር ነው። ዶንግሉ የተሰካው ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እስኪያስተካክል የሚልከው «አለ» ወይም «የለም» አይቆጠር።