ቧሂትን ላሻገሩን በቅሎ ነጂ ከልብ እናመሰግናለን

ሰሜን ተራሮች ሄዳችሁ፣ ጭላዳና ዋልያ አይታችሁ ከጨነቅ ካምፕ የምትመለሱ ወዳጆቼ፣ ጊዜ ካላችሁ ከዚያ በላይ ያለውን የቧሂትን ተራራ ተሻገሩ። ለዚህ መንገድ የምጠቁማችሁ ሰው አለኝ።

ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። በቅሎ ነጂ ናቸው፤ ከቧሂት ወዲያ ማዶ፣ የአምቢቆ አካባቢ ሰው። ያደጉባት ጎጥ መኪና አይደርስባትም። እህሉም፣ ጨውም፣ በሽተኛውም በዚያችው ቀጭን መንገድ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይመላለሳል።

ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው። የቧሂት መተላለፊያ ወደ 4,200 ይጠጋል። እዚያ ስንደርስ ጓደኛዬን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዛት። እሷ ግን "ምንም አልሆንኩም፣ ጫፉ ላይ ወጥተን ፎቶ እንነሳ" ትላለች። ጋሼ ፊቷን አየት አደረጉና "እቴ፣ ዛሬ ዳገት ይብቃሽ" አሏት። ሻንጣዋን ተቀብለው በቅሎዋ ላይ አሰሩ። ከዚያ ቀስ እያሉ ቁልቁል ይዘዋት ወረዱ። ልክ ነበሩ። ከፍታ ሲያምም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው፤ እልህ ተጋብቶ መውጣት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። መሸሃ ወንዝ ስንደርስ ራሷን ለቀቃት፣ ቆሎ አምጡ አለች። የከፈላቸውን ሰው ለደኅንነቱ ብለው እምቢ የሚሉ ባለሙያዎች እንደ ልብ አይገኙም።

መንደር ሳንገባ ልጅ ልከው አስነገሩ። ስንደርስ ምድጃው ነዶ፣ አጎዛ ተነጥፎ ጠበቀን። የገብስ እንጀራ በሽሮ በላን። ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ጋሼ ራሳቸው ያስፈቅዳሉ፤ ያልፈቀደ አልተነሳም። ያደርንበትን ሒሳብ ደግሞ ለቤቱ እመቤት በእጇ እንድንሰጥ አደረጉ፣ እሳቸው ገንዘቡን አልነኩም። በቅሎዎቻቸውን ብታዩ ጀርባቸው ላይ ቁስል የለም። ጭነት ሲበዛ "ይቀነስ" ይላሉ፣ አለቀ።

ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመዘገቡ አስጎብኚ፣ ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂ) እና በቅሎ ነጂ እዚያው ይገናኛችኋል። ቧሂትን ለመሻገር ካሰባችሁ የወዲያ ማዶ ተወላጅ የሆነ በቅሎ ነጂ ጠይቁ። ወፍራም ልብስ ያዙ፣ የሌሊቱ ብርድ ቀላል አይደለም። መንገድ ላይ ለልጆች ከረሜላ አትበትኑ፤ ደብተርና እስክርቢቶ ካላችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። ይህም የጋሼ ምክር ነው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልን። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ፣ ራስ ደጀንን አስበናል፤ በቅሎዎቹን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብን።