ለካልካታ ካፑ ትኬት ካላችሁ የዳኛ ሬዲዮዋን ሳትይዙ አትግቡ

ቅዳሜ ፌብሯሪ 22 ቀን 2025 እንግሊዝና ስኮትላንድ በራግቢ ለንደን ባለው የእንግሊዝ ሜዳ በትዊክንሃም ይገናኛሉ፣ ትኬት ያገኛችሁ ልጆች ምን ይዘን እንሂድ እያላችሁ ስትጠያየቁ ስላየሁ ስለ አንዲት ዕቃ ልጽፍላችሁ ነው። ስታዲየሙ በር አካባቢ አንገት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሬዲዮ ይሸጣሉ፣ ዳኛው ሜዳ ላይ የሚያወራውን በሙሉ ጆሯችሁ ድረስ የምታመጣ። ብዙ ሰው አይቷት ያልፋል። እኔ ግን ለፈረንሳዩ ጨዋታ ይዣት ከገባሁ በኋላ ለቅዳሜ ከኮፍያና ከስካርፍ በፊት ያዘጋጀሁት እሷን ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻታለሁ፣ አንዱን ለምን እንደቀነስኩ እታች አለላችሁ።

መጀመሪያ ግን ይሄ ጨዋታ ለምን እንዲህ እንቅልፍ እንደነሳን ልበል፣ ለራግቢ አዲስ የሆናችሁም አላችሁና። በ2025ቱ ሲክስ ኔሽንስ፣ ማለትም በስድስቱ የአውሮፓ አገሮች የራግቢ ውድድር፣ ሁለቱም ቡድኖች ከዚህ ጨዋታ በፊት አንድ አሸንፈው አንድ ተሸንፈዋል። እንግሊዝ ደብሊን ላይ በአየርላንድ 27 ለ 22 ተሸንፎ መጣና ፈረንሳይን 26 ለ 25 አሸነፈ፣ ስኮትላንድ ደሞ ጣሊያንን 31 ለ 19 ካሸነፈ በኋላ በአየርላንድ 32 ለ 18 ተመታ። ስለዚህ ቅዳሜ የሚሸነፈው ከሲክስ ኔሽንስ ዋንጫ ፉክክር ወጣ ማለት ነው በቃ። ነገሩ እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ካልካታ ካፑ አለ እኮ። ህንድ ካልካታ ውስጥ የነበረ የእንግሊዞች ክለብ ሲፈርስ ባንክ የነበረውን የብር ሩፒ አውጥተው አቅልጠው ያሰሩት ዋንጫ ነው፣ እጀታዎቹ የእባብ ቅርጽ ያላቸው ክዳኑ ላይ ዝሆን የቆመበት፣ ሁለቱ አገሮች ከ1879 ጀምረው ይፋለሙበታል። እና ይሄ ዋንጫ ከዚህ ጨዋታ በፊት የነበረው ስኮትላንድ ጋ ነው፣ 2021፣ 2022፣ 2023፣ 2024፣ አራት ዓመት በተከታታይ። ከዚህ ጨዋታ በፊት እንግሊዝ በገዛ ሜዳው ስኮትላንድን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው 2017 ነበር ብትባሉ ታምናላችሁ? 2019 ላይ 31 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው 38 እኩል የወጡበትን ጨዋታ ያየ የእንግሊዝ ደጋፊ እስከዛሬ መሪነት የሚባል ነገር አያምንም፣ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። የስኮትላንዱ ዱሃን ቫን ደር ሜርቨ ኳስ ይዞ በግራ መስመር ሲነሳ ልቤ ቀጥ ነው የሚለው፣ በ2024 የስኮትላንድ ሜዳ መሪፊልድ ላይ ብቻውን ሶስት ትራይ (ኳሱን ከተቃራኒው የግብ መስመር ጀርባ መሬት ማስነካት) አስቆጥሮብናል። አሁን ደሞ የስኮትላንዱ ፊን ራስል ከአየርላንድ ጋር ሲጫወቱ ከራሳቸው ልጅ ከዳርሲ ግራሃም ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭቶ ወጥቶ ስለነበር ይሰለፋል አይሰለፍም የሚለው ነገር ሁለቱንም ወገን ሲያነጋግር ሰነበተ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጭንቀት ላይ ሆናችሁ ነው 82,000 ሰው መሀል የምትቀመጡት። ላይኛው ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ተጫዋቾቹ በጣም ትንንሽ ናቸው፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ዳኛው እጁን ወደ አንዱ ወገን ይዘረጋል፣ ግማሹ ስታዲየም ይጮሃል ግማሹ ያጉረመርማል፣ ለምን እንደተነፋ ግን አጠገባችሁ ያለው ሰውም አያውቅም። ራግቢ ውስጥ ከኳስ በላይ የሚያስጨንቀው ጥበቃው ነው፣ ውሳኔ መጠበቅ፣ ስክራም (የሁለቱ ቡድን ፊተኞች ተያይዘው የሚገፋፉበት) እስኪሰራ መጠበቅ፣ ቪዲዮ እስኪታይ መጠበቅ። ይቺ ሬዲዮ ያንን ጥበቃ አታሳጥረውም፣ ግን ምን እየጠበቃችሁ እንደሆነ ታሳውቃችኋለች፣ እኔ የምወድላት በሱ ነው።

ዕቃዋ ራሷ ምንም የላትም። ከክብሪት ሳጥን ትንሽ የምትበልጥ ፕላስቲክ፣ በጎኗ የድምፅ ማስተካከያ፣ ከሷ የሚወጣ ቀጭን ገመድና አንድ ጆሮ ላይ ብቻ የምትሰካ ማዳመጫ። ስልክ አትፈልግም፣ አፕ የለም፣ ፓስወርድ የለም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በዛ ሁሉ ሰው መሀል ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ስልክ ላይ የሚሰማ ማንኛውም ነገር ወይ ይቋረጣል ወይ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ትራዩ ገብቶ ሰዉ ተነስቶ ጮሆ ከተቀመጠ በኋላ ማለት ነው። ይቺ ግን በቀጥታ ነው የምትይዘው፣ ዳኛው አፉን ሲከፍትና ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ አይታወቀኝም። አንድ ጆሮ ብቻ መሆኗም ጥሩ ነው፣ በሌላው ጆሮ የህዝቡን መዝሙር ትሰማላችሁ፣ ጎናችሁ ካለው ሰውም ታወራላችሁ።

ቶሎ ግቡና ቶሎ ክፈቷት፣ ይሄንን አጥብቄ ነው የምለው። አብዛኛው ሰው ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነው ጆሮው ላይ የሚሰካት። ከዛ በፊት ግን ሰዉ ገና ወንበሩን እየፈለገ እያለ ዳኛው ከረዳቶቹና ከቪዲዮ ዳኛው ከቲኤምኦው ጋር መስመር ሲሞክሩ ትሰማላችሁ፣ ትሰማኛለህ፣ እሰማሃለሁ፣ አንድ ሁለት ሶስት። ቀዝቀዝ ያለ የሥራ ድምፅ ነው። ውጪ 82,000 ሰው እየተቁነጠነጠ ጆሮዬ ውስጥ ደሞ እንደዛ የተረጋጋ ሰው ሲያወራ መስማት አንድ ዓይነት ስሜት ፈጠረብኝ፣ ጨዋታው የተጀመረ ያህል ሰውነቴን ወረረኝ።

ከዛ ጨዋታው ሲጀመር ደሞ ቀጥታ ትምህርት ቤት ነው። ራክ ላይ፣ ማለትም መሬት ላይ ባለ ኳስ ዙሪያ ሲገፋፉ፣ ሰው ሲከመር ከላይ የምታዩት የሰው ክምር ብቻ ነው፣ ዳኛው ግን ሳያቋርጥ ያወራል፣ እጅህን አንሳ፣ ተንከባለል ውጣ፣ ሰባት ቁጥር ተመለስ። ኳሱ ከተገኘ በኋላ ቡድኑ ሲያዘገይ ‹‹ዩዝ ኢት›› ይላል፣ ከዛ አምስት ሰከንድ ነው ያላቸው፣ እና ስክራም ሃፉ፣ ኳሱን ከክምሩ የሚያወጣው ተጫዋች፣ ኳሱን ሽቅብ ሊመታው እንደሆነ ከሰዉ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ስክራም ላይ ‹‹ክራውች… ባይንድ… ሴት›› የሚለውን ትሰማላችሁ፣ በቃላቱ መሀል ያለችው ዝምታ ራሷ ታስጨንቃለች። ስክራሙ ሲፈርስ ደሞ ማን እንዳፈረሰው ዳኛው ለሁለቱም ቡድን ፕሮፖች (ስክራሙ ላይ ከፊት ዳርና ዳር ለሚገፉት) ሲነግራቸው ትሰማላችሁ፣ ያን ጊዜ ነው ቀጣዩ ፔናሊቲ ለማን እንደሚሰጥ መገመት የምትጀምሩት።

አድቫንቴጅ የሚባለው ነገር ለብቻው ሊጻፍለት ይገባል። ተቃራኒው ቡድን ጥፋት ሲሰራ ዳኛው ወዲያው አይነፋም፣ እጁን ዘርግቶ ጨዋታው እንዲቀጥል ያደርጋል፣ ጥቅም ካላገኙ ወደ ጥፋቱ ቦታ ይመለሳል። ከላይኛው ወንበር እጁን ላታዩት ትችላላችሁ። ሬዲዮዋ ያላችሁ ግን አጥቂው ቡድን ነጻ ዕድል ይዞ እየተጫወተ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አንድ ተጫዋች ለምን እንደዛ አደገኛ ፓስ እንደሞከረ ይገባችኋል፣ ቢሳሳትም ፔናሊቲው አለለታ።

የፈረንሳዩ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ደሞ ሌላ ዓለም ነበር። ፈረንሳይ 25 ለ 19 መርታ ሰዓቱ ሊያልቅ ነበር። እንደዚህ ባለ ሰዓት ተጫዋቾቹ ዳኛውን ስንት ቀረ እያሉ ነው የሚጠይቁት፣ ሬዲዮዋን የያዘ ሰው መልሱን ከተጫዋቹ እኩል ነው የሚሰማው። ራግቢ 80 ደቂቃ ሲሞላ ወዲያው አይነፋም፣ ኳሱ እስኪወጣ ወይም እስኪቆም ይቀጥላል፣ ስለዚህ ያቺ መልስ ስንት ጥቃት እንደቀረ ማስያ ነች። ከዛ የእንግሊዙ ኤሊዮት ዴሊ ፊን ስሚዝ ባቀበለው ኳስ ሰንጥቆ ገብቶ ትራይ አስቆጠረ፣ ስሚዝ ኮንቨርዥኑን፣ ከትራይ በኋላ የሚመታውን የተጨማሪ ነጥብ ምት፣ አገባው፣ 26 ለ 25። ያን ጊዜ ሬዲዮዋንም ረሳኋት፣ ምንም ነገር አይሰማም ነበር፣ እሱን ልዋሽ አልችልም።

ቅዳሜ ግን ከሁሉም በላይ የምትጠቅማችሁ ለካርዱ ነው። በ2025ቱ ሲክስ ኔሽንስ ላይ የ20 ደቂቃ ቀይ ካርድ ሙከራ ላይ ነበር፣ ቀይ ያየ ተጫዋች ራሱ አይመለስም ግን ከ20 ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ይገባለታል (ሆን ተብሎ ለሚሰራ ከባድ ጥፋት ሙሉ ቀይ አሁንም አለ)። ዳኛው እርግጠኛ ካልሆነ ቢጫ ሰጥቶ ጉዳዩን ባንከር ለሚባለው የቪዲዮ ክፍል ይመራዋል፣ እነሱ 8 ደቂቃ አላቸው፣ ቢጫው እንዳለ ይቀራል ወይ ቀይ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት፣ ካልካታ ካፕ፣ ነጥቡ ተቀራራቢ፣ አንድ ሰው ውጪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዕጣ ፋንታውን ሲጠብቅ። ሬዲዮዋ ላይ ዳኛው ለካፒቴኑ ምክንያቱን ሲያስረዳ ትሰሙታላችሁ፣ ጭንቅላት ተነክቷል ወይ፣ አደጋው ከፍተኛ ነበር ወይ፣ የሚያቃልል ነገር አለ ወይ፣ ተጠቂው ዝቅ ብሎ ነበር ወይ። እየተከራከራችሁ የምትጠብቁት በመረጃ ነው እንጂ በስሜት ብቻ አይደለም። ከስኮትላንድ ደጋፊ አጠገብ ብትቀመጡ እንኳን ውሳኔውን ትነግሩታላችሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ምን አለ ምን አለ እያለ ነው የሚጠይቃችሁ፣ ወዳጅ ታፈራላችሁ በሷ።

እግር ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው። ዳኛውን ከቦ የሚጮህ ቡድን የለም፣ የሚያወራው ካፒቴኑ ነው፣ እሱም ‹‹ሰር›› ብሎ ነው የሚጀምረው። ያ ሁለት ሜትር የሚጠጋ የእንግሊዙ ካፒቴን ማሮ ኢቶጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥያቄ ሲያቀርብ ጆሮዬ ውስጥ ስሰማ ስፖርቱን የበለጠ አከበርኩት። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ለልጁም ግዙለት፣ ህጉን በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከማንም መጽሐፍ በላይ ይማረዋል።

አሁን ወደ ቅሬታው። ማዳመጫዋ ደረቅ ፕላስቲክ ናት፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጆሮዬን አሳምማኛለች። ጣሪያው ስር ጥልቅ ብሎ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጓደኛዬ ድምፁ ይቆራረጥብኛል ብሏል፣ እኔ ከፊት ስለነበርኩ ጥርት ብሎ ነው የሰማሁት፣ ስለዚህ ቦታችሁ ይወስነዋል። ድምፅ ማስተካከያዋ ደሞ በጣም ልል ናት፣ ጃኬት ሲነካት ትዞራለች፣ ድንገት ፊሽካው ጆሮ ውስጥ ሲፈነዳ ያስደነግጣል። ባትሪው ይቀየራል ግን መለዋወጫ አብሮ አይመጣም። አንድ ኮከብ የቀነስኩት በነዚህ ነው፣ በተለይ በማዳመጫዋ። የራሳችሁን ለስላሳ ኤርፎን ይዛችሁ ሂዱና ቀዳዳው ከተስማማ እሱን ሰኩበት፣ የኔ ተስማምቶልኛል።

ቤት ወይም ፐብ ሆናችሁ የምታዩ ከሆነ አትግዙ፣ ምንም አትሰራላችሁም፣ ሞገዱ ለስታዲየሙ ውስጥ ነው፣ ደሞ የቲቪው ስርጭት የዳኛውን ማይክ አብሮ ያሰማችኋል። የምትጠቅመው ሜዳ ለሚገባ ሰው ብቻ ነው። ዋጋዋ እዛው ከሚሸጠው አንድ ቢራና በርገር ብዙ አይበልጥም፣ አንዴ ከገዛችኋት ደሞ ለሚቀጥለው ጨዋታ ይዛችኋት ትመለሳላችሁ፣ የኔዋ የፈረንሳዩ ጊዜ የገዛኋት ናት።

የቅዳሜው ጨዋታ በእንግሊዝ ሰዓት አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4:45 ነው የሚጀምረው፣ ከለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር ከሰዓት በፊት ጀምሮ ይሞላል። ከጣቢያው ወጥታችሁ ወደ ስታዲየሙ በሚወስደው መንገድ ላይ ሻጮቹን ታገኟቸዋላችሁ፣ እዛው ፊታቸው ከፍታችሁ መብራቷ መብራቱን አይታችሁ ግዙ፣ ገብታችሁ ወንበር ከያዛችሁ በኋላ ለመቀየር መመለስ አይመችም። ባልና ሚስት ወይም ሁለት ጓደኛ ከሆናችሁ አንድ ገዝተን እንከፋፈላት አትበሉ፣ ውሳኔ ሲጠበቅ ማንም ሰው ከጆሮው አውልቆ አይሰጥም፣ ሁለት ግዙ።