በሁለት ሰው ብስክሌት ከፊት ማን ይቀመጥ፦ ከባዱ ወይስ ቀላሉ?

መሪው፣ ፍሬኑና ማርሹ አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው እጅ ናቸው፤ የኋለኛው ፔዳል ይመታል። ከባዱ ከፊት ሲሆን ቀላሉ ከኋላ ቢወዛወዝም ብስክሌቱ ብዙ አይናወጥም። ሲነሱም ፊተኛው ሁለት እግሩን አንፈራጦ መሬት ይረግጣል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ጓደኛው እስኪወጣ ይደግፋል። ጉዳቱ ጀርባው እይታ መጋረዱ ነው።

ቀላሉ ከፊት ከሆነ ለኋለኛው መንገዱ ይታየዋል። ግን 60 ኪሎው ከፊት፣ 90 ኪሎው ከኋላ ሲሆኑ፣ የኋለኛው ውሃ ሊያነሳ ዘንበል ባለ ቁጥር ብስክሌቱ አብሮት ያዘነብላል፤ በዝግታ ሲዞሩ ይብሳል። የኋላው ፍሬም አጭር ከሆነ ደግሞ ረጅሙ ሰው ጉልበቱን የሚዘረጋበት ያጣል።

እኛ ከባዱን እናስቀድማለን። ክብደታቸው ከተቀራረበ ግን ኪሎው ይቅር፤ ፍሬን አያያዝ የሚያውቀው ይቅደም። በፓራሊምፒክ የዓይነ ስውራን ውድድር ግን ምርጫ የለም፦ የሚያየው ከፊት ነው።