ልጆች ይዛችሁ ጅቡቲ ልትገቡ ላሰባችሁ ድሬዎች፦ «ሁሉን በአንድ ክፍያ» የሚለውን ውል አትፈርሙ

ቤተሰቡን ይዞ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ከተማ ለሚሄድ ሰው ደላሎች የሚያቀርቡት አንድ ውል አለ። ቪዛው፣ የዕቃው አይሱዙ፣ የኪራይ ቤቱ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ግማሹ እዚህ ይከፈላል፣ ግማሹ «ስትደርሱ»። ልጅ ላለው ሰው ትልቅ እረፍት ይመስላል። እባካችሁ አትፈርሙት።

ደላላ ሁሉ ሌባ ነው ማለታችን አይደለም። ችግሩ ብሩን የተቀበለው ሰው ድሬ ይቀራል። መኪናውን የሚነዳው ሌላ፣ ድንበሩ ደወሌ ላይ ጉምሩክ የሚጨርሰው ሌላ፣ ጅቡቲ ቁልፍ የሚያስረክበው ሌላ ነው። አንድ ነገር ሲጎድል እያንዳንዱ «የኔ ድርሻ አይደለም» ይላል። የሁለት ዓመት ሕፃን ታቅፎ በዚያ ሙቀት የቆመ ወላጅ ደግሞ አይከራከርም፤ የጠየቁትን ይከፍላል። ጭማሪው ከቤት ሳትወጡ ሳይነገር ድንበር ላይ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ከዋጋው እንጀምር። ውሉ ብዙ ጊዜ በፍራንክ ይጻፍና «ፍራንክ ተወደደ» ተብሎ ይጨመርበታል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ነው፣ ለአሥርተ ዓመታትም አልተነቃነቀም። የሚወጣና የሚወርደው ብሩ ነው። ስለዚህ ራሳችሁ አስሉ፦ 60,000 ፍራንክ ለ177.7 ሲካፈል ወደ 338 ዶላር ነው፣ እሱን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አባዙት። ከዚያ በላይ የተጠየቃችሁት በሙሉ ኮሚሽን ነው።

ስለ ጉዞ ወረቀቶች የሚነገረው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። «ሕፃናቱ በእናታቸው ፓስፖርት ይገባሉ» ቢሏችሁ አትመኑ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልጋል። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት አውጡ፣ አረጋግጡ፣ ወደ ፈረንሳይኛ አስተርጉሙ። አንድ ወላጅ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የሌላው ፈቃድ ውልና ማስረጃ ፊት ተፈርሞ ይያዝ። ቪዛው ሲመጣላችሁ ዓይነቱንና የቀኑን ብዛት አንብቡ፤ የመኖሪያ ተብሎ የተከፈለበት የአጭር ጊዜ ጉብኝት ቪዛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ በእሱ ሥራ መያዝ አይቻልም። ከመክፈላችሁ በፊት እዚሁ ድሬ ያለው የጅቡቲ ቆንስላ ሄዳችሁ ጠይቁ። የቢጫ ወባ ካርድ ከ1 ዓመት ጀምሮ ይጠየቃል፣ ክትባቱም የሚጸናው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ነው። «ካርዱን እኛ እናወጣለን» የሚል ሰው ያልተከተበ ልጅ ነው የሚያሳልፍላችሁ፤ ይህን ለማንም አትፍቀዱ።

ቤቱ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሕመም ያለው እዚያ ነው። «ልጆቻችን የድሬን ሙቀት ለምደዋል» የሚል ሐሳብ ያሳስታል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሙቀቷም ደረቅ ነው። ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ በሐምሌ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም ከ30 በታች እምብዛም አይወርድም፣ አየሩም እርጥብ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ኤሲ የሌለው ክፍል ውስጥ ሕፃን አይተኛም። ስለዚህ የባሕሩን ፎቶ ተዉትና ያለፈውን የሐምሌና የነሐሴ የመብራት ደረሰኝ አስልኩ፤ የማታስቡት ትልቁ ወጪ እሱ ነው። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ ውዝፍ ዕዳ እንዳለበትም ጠይቁ።

ቀጥሎ ሮቶውን እዩ። ለ5 ሰው በቀን ለነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ብንይዝ 200 ሊትር ነው፤ ውሃ በ3 ቀን አንዴ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ 600 ሊትር ያስፈልጋል። ባለ 250 ሊትር ሮቶ ያለው ቤት «ውሃ አለው» ተብሎ ይከራያል። ጣሪያ ላይ የዋለ ውሃ ቀን ልጅ አይታጠብበትም፣ ያቃጥላል፤ ሌሊት ቀድታችሁ በባልዲ አቆዩ። የዚያ አገር የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ የዱቄት ወተት አትበጥብጡበት፣ ለሕፃን የታሸገ ውሃ ያዙ። የሮቶው ክዳን ደግሞ ሳይገጥም አትግቡ። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባው የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ነው፤ በ2014 ዓ.ም ድሬ ላይ ለተነሳው ወባም ምክንያቱ እሱው ነው። አጎበር ከዚህ ይዛችሁ ሂዱ።

ትምህርት ቤት «ተመዝግበዋል» ከተባለ የልጁ ስምና የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይታይ። ማስተማሪያው በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የጀመረ ልጅ ቢያንስ ጥቂት ወር አስቀድሞ ቋንቋውን ቢለማመድ ይሻላል።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ዝርዝር የሌለው ጭነት ደወሌ ላይ ይራገፋል። ፍሪጁን፣ ፍራሹን፣ ካርቶኑን በቁጥር ጽፋችሁ በሁለት ቅጂ አስፈርሙ። የሕፃኑ ወተት፣ መድኃኒት፣ ዳይፐርና የ3 ቀን ልብስ ግን በፍጹም መኪናው ላይ አይጫን፤ ከእናንተ ጋር ይሁን። ከድሬ እስከ ደወሌ ያለው የክፍያ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰዓት የሚበላው ፍተሻው ነው። በባቡር ከሄዳችሁ የጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ መሆኑን አስቡና የሚቀበላችሁን መኪና አስቀድማችሁ ያዙ።

የተሻለው መንገድ አራቱን፣ ቪዛውን፣ ጭነቱን፣ ቤቱንና ትምህርት ቤቱን፣ መነጣጠል ነው። አንደኛው ወላጅ ብቻውን ቀድሞ ይሂድ፣ ቤቱን ቀን ቀትር ላይ ገብቶ ይይ፣ ኪራዩንና መያዣውን ለባለቤቱ በእጁ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበል። ልጆቹ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ቢገቡ ሰውነታቸው ይለምዳል። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ መግባት እንደሚያስቸግር እናውቃለን፣ ለታናናሾቹ ግን ከክፍሉ ይልቅ አየሩ ይቅደም።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ገና ድሬ ሳላችሁ አራቱን ነገሮች ለየብቻ፣ ከነዋጋቸውና ከነተረካቢያቸው ስም በጽሑፍ ጠይቁ። ደላላው እምቢ ካለ የባንክ ደረሰኙንና የስልክ መልእክቱን ይዛችሁ ፖሊስ ጋ አመልክቱ፤ ደወሌን ካለፋችሁ በኋላ ድሬ የተፈረመውን ውል የሚሰማችሁ አታገኙም።