ዊስፐርላይት ኢንተርናሽናል፦ በላምባ የሚሠራው ምድጃ ለስሜን ተራሮች ጉዞ ይሆናል?

በስሜን ተራሮች ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ለሚጓዝ፣ ምግቡንም ራሱ አብስሎ ለሚበላ ሰው ይህን ምድጃ ያለ ማቅማማት እንመክራለን። ከሱ የሚቀል ምድጃ ሞልቷል፣ ለማብሰል ከሱ የሚመችም አለ። ይህኛው የሚመረጠው ላምባ ስለሚያነድ ነው፤ ላምባ ደግሞ ጎንደር ላይ ተፈልጎ ይገኛል።

በጋዝ ቆርቆሮ አናት ላይ የሚጠመዘዘው ትንሽ ምድጃ ለአጠቃቀም በጣም ቀላል ነው፤ ችግሩ ቆርቆሮው ነው። በአውሮፕላን በእጅም ሆነ በሻንጣ ማጓጓዝ ክልክል ነው። ጎንደር ወይም ደባርቅ ደርሼ እገዛለሁ ብሎ ጉዞ ማቀድም አያዋጣም። ለጠረጴዛ ምድጃ የሚሸጠው ረጅሙ የቡቴን ቆርቆሮ ደግሞ በብርድ ንጋት ኃይሉ ይወርዳል፤ ጋዙ በተነነ ቁጥር ቆርቆሮው ራሱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ውሃው ሳይፈላ ነበልባሉ ይደክማል። በእንጨት ማብሰል እንደ አማራጭ መታሰብ የለበትም። በዚያ ከፍታ የሚበቅለው አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ዋልያውም ጭላዳውም የሚኖሩበትን ተራራ ለአንድ ድስት ሻይ መመንጠር ነውር ነው። እሳቱም ራሱ አደጋ አለው፦ በ2019 እ.ኤ.አ. በፓርኩ የተነሳውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከውጭ አገር ሄሊኮፕተርና የእሳት አደጋ ባለሙያ እስከ ማምጣት ተደርሷል።

ምድጃውን የሚሠራው ኤም ኤስ አር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ክብደቱ ያለ ነዳጅ ኮዳው 300 ግራም አካባቢ ሲሆን፣ ዋጋው አሜሪካ ውስጥ ከ100 ዶላር በላይ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ምድጃው፣ ፓምፑ፣ የንፋስ መከለያውና ከሥር የሚነጠፈው አሉሚኒየም፣ ትርፍ ጄትና አነስተኛ የመለዋወጫ ከረጢት አሉ። ኮዳው ለብቻው ነው የሚገዛው። 325፣ 591 እና 887 ሚሊ ሊትር የሚባሉ መጠኖች አሉት፤ ለሁለት ሰው 591 በቂ ነው፣ ለአራት ሰው 887 ይሻላል። የሌላ ኩባንያ ኮዳ ጥርሱ የገጠመ ቢመስልም አይጠቀሙ፤ ውስጡ ግፊት ያለበት ዕቃ ነው።

ከመነሳትዎ በፊት፣ ቤትዎ ሳሉ ጄቷን ይቀይሩ። ጄት የምትባለው ነዳጁ በእንፋሎት መልክ የሚወጣባት፣ መሃሏ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የናስ ብሎን ናት። ሁለት ዓይነት ጄት አለ፦ «ዩጂ» የሚል ምልክት ያላት ለቤንዚንና መመሪያው «ዋይት ጋዝ» ለሚለው የተጣራ ነዳጅ፣ «ዩኬ» የሚል ያላት ለላምባ። ከፋብሪካው ተገጥማ የምትመጣው ዩጂ ናት። እኛ አገር ነጭ ጋዝ የምንለው ላምባውን ስለሆነ ብዙ ሰው መመሪያውን አንብቦ ዩጂዋን ሳይነካ ይሄዳል። ውጤቱ ቢጫ ነበልባል፣ ጥላሸት የለበሰ ድስትና ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ነው። ለመቀየር እግሮቹን አላቅቀው የነዳጅ ቱቦውን ከማቃጠያው ያወጣሉ፤ ከዚያ ምድጃው ጋር በመጣው መፍቻ ጄቷን ይፈታሉ። ሲፈቱ ከውስጧ ፀጉር የመሰለ ጫፍ ያላት መርፌ ትወድቃለችና ከሥር ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ። ሲመልሷት ቀጭኑ ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ተገልብጣ ከገባች ቀዳዳውን አታጸዳም። ሣር ላይ ከወደቀች ደግሞ አትገኝም፤ ቤትዎ ይቀይሩ ያልነውም ለዚህ ነው።

ላምባውን ጎንደር ይግዙ። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢርቅም፣ እዚያ ካጡ ጉዞው ይስተጓጎላል። ቤንዚንም ይሠራል፤ ግን ማደያዎች በጀሪካን ለመሸጥ ብዙ ጊዜ ፈቃደኛ አይደሉም፣ ቶሎ የሚቀጣጠል በመሆኑም በድንኳን አካባቢ አይወደድም። ችርቻሮ ላምባ ከበርሜል እየተቀዳ ስለሚሸጥ ውሃና ዝቃጭ አያጣም። ግልጽ በሆነ ጠርሙስ ቀድተው ለአንድ ሌሊት ያስቀምጡት፤ ውሃ ካለበት ከታች ለብቻው ተለይቶ ይታያል። የላይኛውን ብቻ በጥቅጥቅ ንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ይገልብጡ፣ የመጨረሻውን ሁለት ጣት ያህል ይተዉት። ላምባ በሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ መያዝ የተለመደ ነገር ነው፤ በጨለማ ውሃ መስሎት የሚጠጣ ሰው ስለማይጠፋ ጠርሙሱን ቀይ ፕላስተር ይጠቅልሉበት፣ ከምግብ ጋርም በአንድ ጆንያ አይጫን። በበቅሎ ሲጫን ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ይሰጠው፤ የጠርሙሱ ክዳን በንቅናቄ ይላላል።

አለኳኮሱ የዚህ ምድጃ ዋናው ፈተና ነው። ላምባ በቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ አይተንም፤ ስለዚህ ማቃጠያው አስቀድሞ በእሳት መሞቅ አለበት። ኮዳውን አንገቱ ድረስ ሳይሆን ምልክቱ ድረስ ብቻ ይሙሉ፤ ከላይ አየር ካልቀረ ግፊት አይያዝም። ፓምፑን አጥብቀው ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይምቱ። ኮዳው በጎደለ ቁጥር ምቱ ይጨምራል። መመሪያው ከዚህ በኋላ ቫልቩን (የነዳጁን መክፈቻና መዝጊያ) ከፈት አድርገው ከራሱ ነዳጅ ጥቂት ወደ ታችኛዋ ጽዋ እንዲያፈሱና እንዲለኩሱት ይላል። በላምባ ይህ ይሠራል፤ ግን ብዙ ያጨሳል፣ በንፋስም አልለኮስ ይላል። የሚሻለው ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ነው። ቫልቩ እንደተዘጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ አልኮል ጽዋዋ ላይ ያፍስሱና ይለኩሱ። 70 በመቶ የሆነው ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው ውሃ ስላለበት ይዘገያል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ይፈልጉ። አልኮሉ ነዶ ሊያልቅ ሲል፣ ነበልባሉ ገና ሳይጠፋ፣ ቫልቩን በሩብ ዙር ይክፈቱ። ሰማያዊ ነበልባልና የማያቋርጥ ሹሽታ ከመጣ ሞቋል ማለት ነው። ቢጫ እሳት ከተንቦገቦገ ቸኩለዋል፤ ወዲያው ይዝጉ፣ እስኪጠፋና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ እንደገና በአልኮል ይጀምሩ። በትኩስ ማቃጠያ ላይ አልኮል መጨመር ፊት ያቃጥላልና ፈጽሞ አይሞከርም።

የንፋስ መከለያው በፓርኩ ውስጥ ባለው የግጭ ማደሪያ ሜዳ ላይ የግድ ነው፤ ያለሱ ነዳጁ በእጥፍ ይሄዳል። ኮዳው ግን ሁልጊዜ ከመከለያው ውጭ ይሁን። ድንኳን ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው ማለት እንወዳለን፤ እሳቱ ብቻ ሳይሆን ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይገድላል። ዝናብ ከመጣ በምሰሶ በተወጠረ ሸራ ሥር፣ አራቱም ጎን ክፍት ሆኖ ያብስሉ።

ስለ ፍጥነቱ ኩባንያው የሚናገረው ባሕር ጠለል ላይ ስላለ ውሃ ነው። ከፓርኩ ማደሪያ ሰፈሮች ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600 ሜትር፣ ጨነቅም ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል፤ በዚህ ከፍታ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ድስቱ ሲንተከተክ ቢታይም ሙቀቱ ያነሰ ነው፣ ምግቡም ይዘገያል። ባቄላ፣ ሽምብራና ድፍን ምስር ይዞ መሄድ ላምባ ማባከን ነው። ሽሮ፣ የምስር ክክ፣ ቀጭን ፓስታና ጠዋት የተዘፈዘፈ ሩዝ ይበስላሉ። ለቀን ደግሞ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይያዙ፤ አንዳቸውም እሳት አይጠይቁም። የምንጭ ውሃ አፍልተው የሚጠጡ ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት እንዳለበት አይርሱ።

ትልቁ ድክመቱ ለስለስ ያለ እሳት አለመስጠቱ ነው። ቫልቩን ሲቀንሱ ነበልባሉ የሚታዘዘው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው፤ ያልታዘዘ መስሎዎት ደግመው ሲቀንሱ ይጠፋል። ሽሮ የሚያርረውም በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከቫልቩ ይልቅ ግፊቱን መቀነስ ነው፦ ኮዳውን ግማሽ ብቻ ሞልተው ከስምንት ባልበለጠ ምት ይጀምሩ፣ በድስቱና በእሳቱ መካከልም ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ክዳን ያስገቡ። ሽሮውን አስቀድመው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ ሽንኩርቱን ቤት አቁላልተው በዘይቱ ከያዙ የማብሰያው ጊዜ በግማሽ ያጥራል። ጀበና እዚህ ምድጃ ላይ አይጣድ፤ አንድ ቦታ ላይ የሚያተኩረው ነበልባል ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ቡናው በብረት ማንቆርቆሪያ ይፈላ። ድስቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙ ባይሰፋ፣ ከሦስት ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ እግሮቹ ይዋዥቃሉ። ውጭውን በሳሙና ቀብተው ከጣዱት ጥላሸቱ በቀላሉ ይታጠባል።

ለነዳጅ መጠን የምንሰጠው ስሌት በሰው በቀን 100 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት መከለያ ካለ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ይሄዳል፤ ለሻይ፣ ለምግብና ለመጠጥ ሦስት ሊትር ቢፈላ 60 ይሆናል፣ የቀረው ለማብሰያና ለንፋሱ ነው። አራት ሰው ለአራት ቀን 1.6 ሊትር ይፈልጋል፣ ሁለት ሊትር ይያዝ። ወደ ራስ ደጀን የሚቀጥሉ ከሆነ በዚሁ ስሌት የቀኖቹን ይጨምሩ፤ መንገድ ላይ እገዛለሁ አይባልም።

ሲበላሽ ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ነበልባሉ ከደከመ ምድጃውን አጥፍተው፣ ቀዝቅዞ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፤ ውስጥ ያለችው መርፌ ጄቷን ትወጋታለች። ካልተሻለው ችግሩ ቱቦው ውስጥ ነው። በቱቦው ውስጥ የብረት ገመድ አለ፦ በመፍቻው ስበው ያውጡት፣ ጥቁሩን ጠርገው ያስገቡት፣ ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ይሳቡት፣ ከዚያ ጄቷ ሳትገጠም ጥቂት ነዳጅ በውስጡ አሳልፈው ያጥቡት። ከላምባ ጋር ይህን በየጥቂት ቀኑ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ላምባ ከሌላው ነዳጅ ይልቅ ብዙ ካርቦን ይተዋል። ፓምፑ ሲመታ ባዶ ባዶ የሚል ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችው ጽዋ ደርቃለች። በጣት ወደ ውጭ ዘርጋ ዘርጋ አድርገው ዘይት ይቀቧት፤ የምግብ ዘይትም ለጊዜው ያገለግላል። የፓምፑ ዘንግ በራሱ ወደ ላይ ከተመለሰ ጫፉ ላይ ያለው ማገጃ ቫልቭ ቆሽሿል፤ ፈትተው ይጥረጉት። በቫልቩ አንገት ነዳጅ ካንጠባጠበ ኦሪንጉ (የጎማ ቀለበቱ) አልቋልና ሳይቀየር አይለኮስም። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው «ኤክስፔዲሽን ሰርቪስ ኪት» የሚባለው የመለዋወጫ ስብስብ ስለሆነ ከምድጃው ጋር አብረው ይግዙት፤ አገር ውስጥ ተተኪ ማግኘት ከባድ ነው።

ደባርቅ ላይ አብሳይ የሚቀጥሩ ከሆነ ይህን ምድጃ መግዛት አያስፈልግዎትም፤ አብሳዮቹ የራሳቸው ዕቃ አላቸው። ከስድስት ሰው በላይ ለሆነ ቡድንም አንዱ አይበቃም። ለሁለትና ለአራት ሰው ግን፣ በተለይ ከስሜን ወደ ባሌ ለሚሻገርና በየሄደበት ያገኘውን ላምባ ለሚያነድ፣ ዋጋው ይገባዋል።

ከውጭ አገር ይዘው የሚመጡ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ፦ ያገለገለ ምድጃ የነዳጅ ሽታ ካለው አየር ማረፊያ ላይ ሊወሰድ ይችላል። ኮዳውንና ፓምፑን በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ደጋግመው ያጥቡ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ለቀናት ንፋስ ይምታው፣ የአየር መንገዱንም ደንብ ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ። ሲመለሱ የተረፈውን ላምባ መሬት ላይ አይድፉ፤ የበቅሎ ነጂዎቹ ማታ ለኩራዝ ስለሚጠቀሙበት ጠይቀው ይስጧቸው።