የጣት ጫፍ ሲወድቅና የጣት መሃል ሲታጠፍ

አዘዞ ሜዳ ላይ ኳስ ጣቱን የመታው በረኛ አለ። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋ የጣቷን ጀርባ የቆረጣት እህቱም አለች። ሁለቱም «ጣቴ አልዘረጋ አለኝ» ይላሉ። ጉዳታቸው ግን ይለያያል።

የበረኛው ጣት ጫፉ ወደ ታች ወድቋል። በሌላ እጁ ቀና ሲያደርገው ይቃናል፤ ሲለቀው መልሶ ይወድቃል። ጫፉን የሚዘረጋው ጅማት ተበጥሷል፣ ወይም ትንሽ አጥንት ይዞ ተነቅሏል። ራጅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና አይጠይቅም። ጫፉ ቀጥ ብሎ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በድጋፍ ይታሰራል፣ ሌት ተቀን። እንጀራ ልቁረስ ብሎ አንዴ ካጠፈው ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ድጋፉን ሲያጸዳ እንኳ ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእህቱ ነው። የተቆረጠው መሃለኛውን መገጣጠሚያ የሚዘረጋው ጅማት ነው። መጀመሪያ ተራ ቁስል ይመስላል። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ግን መሃሉ ይታጠፋል፣ ጫፉ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። እኛ ጎንደር ጣት ሲጎዳ ቶሎ የሚታወሰን ወጌሻ ነው። እባካችሁ፣ የተቆረጠ ጅማት በማሸት አይገናኝም። ቁስሉ ታጥቦ ጅማቱ መሰፋት አለበት፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ። አስተሳሰሩም የበረኛው ተቃራኒ ነው፦ መሃሉ ይታሰራል፣ ጫፉ ነጻ ሆኖ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል።